መስተጋብራዊ ስሌት ምንድን ነው?

አንድ ሰው 100,000 ሊበደር አስቧል እንበል፤ የገንዘቡ ዓይነት የፈለገው ይሁን። ዓመታዊ ወለዱ 12 በመቶ ሲሆን ክፍያው በየወሩ እኩል ነው። በ5 ዓመት ለመጨረስ ከወሰነ በወር 2,224 ገደማ ይከፍላል። ጊዜውን ወደ 10 ዓመት ቢያራዝመው ወርሃዊው ክፍያ ወደ 1,435 ይወርዳል፤ እፎይ የሚያሰኝ ነው። የወለዱ ድምር ግን ከ33,467 ገደማ ተነሥቶ 72,165 አካባቢ ይደርሳል። ይህን በወረቀት ለማውጣት ቀመር ማወቅም ትዕግሥትም ያስፈልጋል። በድረ ገጽ ላይ ግን የዓመቱን ቁጥር መለወጥ ይበቃል፤ ገጹ እንደ አዲስ ሳይከፈት ውጤቱ እዚያው ዓይን ሥር ይቀየራል።

መስተጋብራዊ ስሌት ማለት ይኸው ነው፦ አንባቢው ቁጥር ይሰጣል፣ ገጹ አስልቶ ይመልሳል፣ አንባቢው ደግሞ ለውጦ ይሞክራል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ «ይህን ብለውጠውስ?» እያሉ ያለ መሰልቸት መጠየቅ መቻሉ ነው። የታተመ ሰንጠረዥ የሚመልሰው አዘጋጁ አስቀድሞ ያሰባቸውን ጥያቄዎች ብቻ ነው።

በትምህርት ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ተማሪው በፓራቦላ ቀመር ውስጥ ከካሬው ፊት ያለውን ቁጥር ከ1 ወደ 3 ሲያሳድገው ኩርባው ይጠባል፤ ዜሮ ላይ ሲያደርሰው ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ ከዜሮ በታች ሲያወርደው አፉን ወደ ታች ይደፋል። ይህን በእጁ እያንቀሳቀሰ ያየ ልጅ ሕጉን መሸምደድ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ጂኦጀብራ የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም ለዚህ ዓይነት ሥራ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ የተከፈተው ወልፍራም አልፋ የተባለ ድረ ገጽ ደግሞ እኩልታ ይፈታል፣ ኢንቴግራልም ያወጣል።

ስሌቱ የሚሠራው ወይ በሩቅ ባለ ሰርቨር (ድረ ገጹን በሚያቀርበው ኮምፒውተር) ላይ ነው፣ ወይ በራሱ በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ። ሁለተኛውን የተለመደ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጃቫስክሪፕት የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ልዩነቱ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስሌቱ በመሣሪያው ላይ ካለቀ ደመወዝን ወይም የሰውነት ክብደትን የመሰለ መረጃ ወደ ሌላ ቦታ መላክ አያስፈልገውም።

ኮምፒውተርም ታዲያ ይስታል። ጃቫስክሪፕትን 0.1 እና 0.2 ደምር ብትሉት 0.30000000000000004 ይላችኋል። ምክንያቱ ቁጥሮቹን በሁለትዮሽ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ መያዙ ነው፤ አንድ ሦስተኛ በአሥርዮሽ ሲጻፍ ማለቂያ እንደሌለው ሁሉ አንድ አሥረኛም በሁለትዮሽ አያልቅም። ጠንቃቃ ፕሮግራም ሠሪዎች ስለዚህ ገንዘብን እንደ ሳንቲም ባለው ትንሹ መለኪያው፣ በሙሉ ቁጥር ይቆጥራሉ።

ከዚህች ቅንጣት ስሕተት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ያልተነገረ ቀመር ነው። ከላይ ያለው ስሌት ወለዱን ያሰበው በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ነው። ሌላ ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ በመጀመሪያው 100,000 ላይ ቢያስብ የ5 ዓመቱ ወለድ 60,000 ይሆናል። ሁለቱም ገጾች ላይ የሚነበበው «12 በመቶ» ነው።