ዩዘር ሞድ ኢሙሌሽን ምንድን ነው? ሲስተም ኮልንስ እንዴት ያስተናግዳል?

ባሕር ዳር ፖሊ ካምፓስ ያለ ተማሪ የጣናን የውኃ ከፍታ የሚመዘግብ ፕሮግራም እየጻፈ ነው እንበል። ፕሮግራሙ ጨራጨራ አካባቢ በሚተከል፣ ራስፕቤሪ ፓይ በሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ ነው የሚሠራው። የፓይ ፕሮሰሰር አርም ነው፤ የተማሪው ላፕቶፕ ደግሞ ኢንቴል። ቦርዱ አንድ ብቻ ነው፣ ፈላጊው ብዙ። ስለዚህ ተማሪው የአርሙን ፕሮግራም እዚያው ላፕቶፑ ላይ መሞከር ይፈልጋል።

ዩዘር ሞድ ኢሙሌሽን ለዚህ ነው የተሠራው። ሙሉ ኮምፒውተር አያስመስልም፤ የሚያስኬደው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። የአርም መመሪያዎችን ወደ ኢንቴል መመሪያ ይቀይራል፤ ከርነል (ፕሮግራሞችን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኘው የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሲያስፈልግ ደግሞ የላፕቶፑን ሊኑክስ ይጠቀማል። በዚህ ሥራ በጣም የታወቀው መሣሪያ ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ያደረገው ኪውኢሙ ነው።

ብዙ ሰው ከባዱ ነገር መመሪያ መቀየሩ ይመስለዋል። እኔ ግን ጣጣው ያለው ከርነሉ ደጃፍ ላይ ነው እላለሁ። ቀበሌ ሄደን መዝገብ ቤት ዘው ብለን እንደማንገባ ሁሉ፣ ፕሮግራምም ዲስኩን ራሱ አይነካም። ጥያቄውን በመስኮት ያቀርባል፤ ሲስተም ኮል የሚባለው ይሄ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ግን ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ይለያያል።

ጠጋ ብለን እንየው። ፕሮግራማችን የለካውን ከፍታ ፋይል ላይ ሊጽፍ ነው። በ64 ቢት አርም የ‹‹ራይት›› ቁጥር 64 ነው። ፕሮግራሙ 64ን ኤክስ8 በሚባለው ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ያስቀምጥና ‹‹ኤስቪሲ›› የሚለውን መመሪያ ይጠራል። በ64 ቢት ኢንቴል ግን ‹‹ራይት›› 1 ነው፤ 64 ደግሞ ሴማፎር (ፕሮግራሞች ተራ የሚጠባበቁበት ምልክት) የሚጠየቅበት ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንዳለ ቢተላለፍ ፋይል ልጻፍ ያለው ፕሮግራም ሴማፎር ጠይቆ ያርፈዋል። ስለዚህ ኪውኢሙ ‹‹ኤስቪሲ›› ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ከዚያ ትክክለኛውን ጥያቄ ለላፕቶፑ ከርነል ራሱ ያቀርባል።

ቁጥሩ ቢስተካከልም ነገሩ አያበቃም። ፋይል ሲከፈት አብረው የሚላኩ ምልክቶች አሉ። በአርም 16384 ማለት ‹‹የምከፍተው ማውጫ (ፎልደር) ካልሆነ ተወው›› ማለት ነው። በኢንቴል ግን ያው ቁጥር ‹‹በከርነሉ መሸጎጫ ሳታልፍ በቀጥታ አንብብ›› ማለት ነው። 65536 ላይ ደግሞ ሁለቱ ትርጉሞች ቦታ ይለዋወጣሉ! እንዲህ ያለ ስህተት ፕሮግራሙን ላያቆመው ይችላል፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይሄው ነው። የፋይል መጠንና ቀን የሚመለስበት ቅጽም አደራደሩ ስለሚለያይ፣ መልሱ በአርም ደንብ እንደገና ይሞላል።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ግን ሲግናል፣ ማለትም ከርነሉ ለፕሮግራም በድንገት የሚልከው ማሳወቂያ ነው። ኮንትሮል ሲ ስትጫኑ ሲግናሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለኪውኢሙ ነው። በዚያች ቅጽበት የአርሙ ሬጅስተሮች ገና በከፊል ተቀይረው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኪውኢሙ ሲግናሉን ይመዘግብና አመቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ለፕሮግራሙ ያስረክባል። ግን ‹‹ሲግናል አለ ወይ?›› ብሎ ካየ በኋላ፣ ከርነል ውስጥ ገብቶ ከመተኛቱ በፊት ቢመጣስ? ፕሮግራሙ ሳይሰማ ተኝቶ ይቀራል። ለዚህች ቀዳዳ ሲባል ጥያቄው የሚቀርበው በአሴምብሊ (ለፕሮሰሰሩ በጣም በቀረበው ቋንቋ) በተጻፈ አጭር ኮድ ነው። ሲግናሉ እዚያች ኮድ ውስጥ፣ ጥያቄው ሳይቀርብ ከደረሰ፣ ኪውኢሙ አፈጻጸሙን ወደ ኋላ መልሶ ሲግናሉን ያስቀድማል። ይህን ያሰቡት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ፕሮግራማችሁ ላፕቶፕ ላይ እንግዳ ነገር ካሳየ ኮዳችሁን ከመበተናችሁ በፊት ኪውኢሙን ‹‹ኤስትሬስ›› በሚለው አማራጭ አስነሱት። እያንዳንዱን ሲስተም ኮል ከነመልሱ መስመር በመስመር ያወጣላችኋል። ስህተት ቁጥር 38 ካያችሁ ጥያቄው አይደገፍም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ኪውኢሙ ገና ያላካተተው ሆኖ ይገኛል።

የውኃ መለኪያው ሰንሰር ግን ላፕቶፑ ላይ የለም፤ ከርነሉም የቦርዱ አይደለም። ፋይል አጻጻፉንና ስሌቱን ላፕቶፕ ላይ ጨርሱ። ሰንሰሩን የሚያነበውን ክፍል ተራ ሲደርሳችሁ ቦርዱ ላይ ሞክሩት።