ስለ ፓወር ስቴሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካዛንቺስ ወይም አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ጄነሬተር የማይታሰብ ነው። ጩኸቱም፣ ጭሱም፣ ጎረቤቱም አለ። አነስተኛ ፓወር ስቴሽን፣ ማለትም ሶኬት ያለው ተንቀሳቃሽ ባትሪ፣ ግን መብራት ሲሄድ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ይሠራል። ቅዳሜ ድንኳን ይዛችሁ ወንጪ ወይም ላንጋኖ ስትወርዱም አብሯችሁ ይሄዳል። ብዙ ሰው ግን የሚገዛው በተሳሳተ መረጃ ነው።

«ዋቱ ትልቅ ከሆነ ብዙ ሰዓት ይቆያል»

አይደለም። ዋት የሚናገረው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ነው። ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚነግራችሁ ዋት-ሰዓት የሚለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ኢኮፍሎው ሪቨር 2 የሚባለው 256 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 300 ዋት ነው። 256ቱ ሁሉ አይደርሳችሁም፤ ባትሪው ለሶኬት የሚሆን ኃይል ሲሰጥ የተወሰነው ይባክናል። 85 በመቶ ብላችሁ አስሉት፤ 217 ዋት-ሰዓት ገደማ ይመጣል። የዋይፋይ ራውተር 10 ዋት፣ ሁለት አምፖል በድምሩ 18 ዋት፣ ላፕቶፕ 50 ዋት ቢወስዱ ጠቅላላው 78 ዋት ነው፤ 217ን ለ78 ስታካፍሉት ሦስት ሰዓት አይሞላም። ላፕቶፑን ስትነቅሉት ወደ ስምንት ሰዓት ይጠጋል። ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ይህቺን ሒሳብ ቤት ውስጥ ሥሯት። የየዕቃው ዋት ጀርባው ላይ ወይም ቻርጀሩ ላይ ተጽፏል።

«ምጣድም ያስነሳል»

ትንሹ አያስነሳም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ውኃ ማፍያና ካውያም ለትንሹ ከባድ ናቸው። ፍሪጅ ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ለእሱ ከሆነ የምትገዙት ፓወር ስቴሽኑ ለአፍታ እስከ ስንት ዋት እንደሚችል ጠይቁ።

«ባትሪ ያው ባትሪ ነው»

ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሆነው አቅሙ ብዙም ሳይደክም ከ3,000 ጊዜ በላይ ቻርጅ ሊደረግ ይችላል። የቀድሞዎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ግን ብዙዎቹ ከ500 እስከ 800 ጊዜ ላይ ይዳከማሉ። አይረን ፎስፌቱ በመጠኑ ይከብዳል። እኔ ብሆን ክብደቱን ችዬ እሱን እገዛለሁ፤ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ከተማ ሌላው ብዙ አያዋጣም።

«ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ያምጣልኝ»

እባካችሁ ሰው አታስቸግሩ። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣም ሆነ በእጅ ቦርሳ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። በካርጎ ቢመጣ እንኳ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው የሚሰጠው። የእኛ ዕቃዎች 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ናቸው። ስልክ በዩኤስቢ ቻርጅ ያደርጋል፤ ቴሌቪዥናችሁን ግን ላያስነሳው ይችላል።

«100 ዋት ሶላር 100 ዋት ይሰጣል»

ፓወር ስቴሽኑን በሶላር ፓኔል ቻርጅ ስታደርጉ፣ ጥሩ ፀሐይ ባለበት እኩለ ቀን ከ60 እስከ 80 ዋት ካገኛችሁ ደህና ነው። በክረምት ደመና ደግሞ እጅግ ይወርዳል። ስለዚህ ካምፕ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ሞልታችሁት ሂዱ። ባሌ፣ ሳኔቲ ላይ የምታድሩ ከሆነ ድንኳን ውስጥ አስገቡት፤ የሊቲየም ባትሪን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል።

«ካልተጠቀምኩበት አይበላሽም»

ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ ይሞታል። ከግማሽ በላይ ሞልታችሁ አስቀምጡት፤ በየሦስት ወሩም ቻርጅ አድርጉት።