የቫኑዋቱ ተማሪዎችና የሄጉ ፍርድ ቤት፦ የሚወራውና እውነታው

ቫኑዋቱ በደቡብ ፓስፊክ ያለች የደሴቶች አገር ናት። ሕዝቧ አንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ አያክልም። በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ ውስጥ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አነሱ። መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥን የመከላከል ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው ወይስ የላቸውም? ለምን የዓለም ትልቁን ፍርድ ቤት አንጠይቅም? ጁላይ 2025 ላይ ሄግ (ኔዘርላንድስ) ያለው የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ መልስ ሰጡ፦ አዎ፣ ግዴታ አለባቸው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ግን ብዙ ነገር ተጨመረበት።

«ተማሪዎቹ መንግሥትን ከሰሱ»

አልከሰሱም። ቢፈልጉም አይችሉም ነበር። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት የግለሰብ አቤቱታ አይቀበልም። ክስ የሚያቀርቡለት መንግሥታት ናቸው፤ ምክር የሚጠይቁት ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት አካላት። ስለዚህ ልጆቹ የያዙት ሥራ ደጅ መጥናት ነበር። ለፓስፊክ አገራት መሪዎች ደብዳቤ ጻፉ። የቫኑዋቱ መንግሥት ጆሮ ሰጣቸውና በ2021 ጉዳዩን በይፋ የራሱ አደረገው። ከዚያ ዲፕሎማቶቹ አገር ለአገር ዞሩ። ማርች 2023 ላይ የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ከ130 በላይ አገራት የደገፉትን ጥያቄ ድምፅ መቁጠር ሳያስፈልገው አጸደቀ። በዚያው ወር መጀመሪያ ጁዲና ኬቪን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በቀናት ልዩነት ቫኑዋቱን መትተዋት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ፓላው የተባለችው ሌላዋ የፓስፊክ አገር በ2011 ይህንኑ ሐሳብ አንስታ ነበር፤ ውሳኔ ሳያገኝ ቀረ። በእኔ እይታ የሁለተኛው ሙከራ ልዩነት ከመንግሥቱ ጀርባ ቆሞ የሚጎተጉት ሕዝብ መኖሩ ነው።

«ፍርድ ቤቱ በአሜሪካና በቻይና ላይ ፈረደ»

ተከሳሽ አልነበረም። ጉባኤው የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ የመንግሥታት ግዴታ ምንድን ነው? ግዴታውን ያልተወጣስ ምን ይከተለዋል? ፍርድ ቤቱ ለሁለቱም መለሰ እንጂ የትኛውንም አገር ስም ጠርቶ ጥፋተኛ አላለም። የሚታሰር ሰውም የለም። ሰው የሚያስረው እዚያው ሄግ ያለው የወንጀል ፍርድ ቤት ነው፤ ባድመን የወሰነው የድንበር ኮሚሽን ደግሞ ሌላ። ከተማው አንድ ስለሆነ ይምታታል።

«አስገዳጅ ካልሆነ ባዶ ወረቀት ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ዳኞቹ የሰጡት መልስ የምክር አስተያየት ይባላል፤ እንደ ፍርድ አያስገድድም። ግን ባዶ ወረቀት ነው ለሚል ሰው የራሳችን ታሪክ መልስ አለው።

በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን እዚሁ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ምክንያቱ በዛሬዋ ናሚቢያ ላይ የጫነችው አፓርታይድ ነበር። ስድስት ዓመት ተሟገቱ። በ1966 የዳኞቹ ድምፅ 7 ለ 7 ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ወሳኙን ድምፅ ሰጡና ከሳሾቹ «ይህን ለመጠየቅ መብት የላችሁም» ተብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አስገዳጅ ፍርድ የሚያሰጠው መንገድ ያበቃው እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገወጥ ነው አለ። ያለውም በምክር አስተያየት ነው! ናሚቢያ ነጻ የወጣችው በ1990 ነው፤ ያውም ከብዙ ጦርነትና ድርድር በኋላ። አስተያየቱ ብቻውን ነጻ አላወጣትም። ግን ደቡብ አፍሪካ ከዚያ ወዲያ «ሕጉ ከእኔ ጋር ነው» ብትል የሚሰማት አልነበረም።

ቅርብ ጊዜ ያለውን ከፈለጋችሁ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉትን፣ ብሪታንያና ሞሪሺየስ የሚወዛገቡባቸውን የቻጎስ ደሴቶች ጉዳይ እዩ። በ2019 ፍርድ ቤቱ ብሪታንያ አስተዳደሯን ታብቃ አለ። ለንደን «ምክር ነው» ብላ አጣጣለችው። ሜይ 2025 ላይ ግን ሉዓላዊነቱን ለሞሪሺየስ ለማስረከብ ስምምነት ፈረመች።

«ከፓሪስ ስምምነት የወጣ አገር ነጻ ነው»

አይደለም። የፓሪስ ስምምነት አገራት የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት የገቡት ውል ነው። ዳኞቹ ግን ግዴታው ከስምምነቶች ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አገር ከሚያስረው ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግም (አገራት ባይፈርሙትም እንደ ግዴታ ከሚከተሉት ልማድ) ይመነጫል ብለዋል። ለነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ መስጠትና ነዳጅ መደጎም ራሱ ጥፋት ሊሆን እንደሚችልም ጠቅሰዋል።

«ይሄ የወጣቶች ነገር ነው»

በአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ ስዊዘርላንድን ስትራስቡርግ (ፈረንሳይ) ባለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የረቱት እኮ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ናቸው። ማኅበራቸው ከ2,000 በላይ አባላት አሉት፤ አማካይ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነው። ሙቀት ሲበረታ ቀድመን የምንሞተው እኛ ነን ብለው ተከራከሩ፤ ኤፕሪል 2024 ላይ ተፈረደላቸው። በዚያው ቀን የስድስት ፖርቱጋላውያን ወጣቶች ክስ ውድቅ ሆነ። አንዱ ምክንያት በአገራቸው ፍርድ ቤት ሳይሞክሩ በቀጥታ መምጣታቸው ነው። እናቶቹ ግን የስዊዘርላንድን ፍርድ ቤቶች እስከ ላይ አዳርሰው ነበር የሄዱት። ደግሞ መርታት ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ የስዊዘርላንድ ፓርላማ «በቂ ሠርተናል» የሚል መግለጫ አወጣ።

«እኛ ድሃ ነን፣ አይመለከተንም»

ግዴታው እንደ አቅም ይለያያል። ከኢትዮጵያ የሚጠበቀው ከጀርመን ከሚጠበቀው ጋር እኩል አይደለም። ግን የማይመለከተው አገር የለም። ሕዝብን ከድርቅና ከጎርፍ መጠበቅ፣ ለሚመጣው መዘጋጀት የድሃ መንግሥትም ግዴታ ነው። የ2027ቱ የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ስለሚካሄድ ጥያቄው ወደኛም መምጣቱ አይቀርም።

«ካሳ ተፈረደ»

የተፈረደ ካሳ የለም። ፍርድ ቤቱ ያለው ካሳ ሊጠየቅ ይችላል ነው። ጠያቂው አገር ግን የደረሰበት ጉዳት ከሌላው ጥፋት ጋር በቂ በሆነ ሁኔታ ቀጥተኛና እርግጠኛ ግንኙነት እንዳለው ማሳየት አለበት። ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ ምንጩ ብዙ ስለሆነ ይህ ከባድ ነው። ዳኞቹም ከባድነቱን አልካዱም፤ አይቻልም ግን አላሉም።