የሬይድ ምርኮ አከፋፈል፦ ሰይፍ እንደ ቅርጫ ሥጋ አይቆረስም

ብዙ ተጫዋቾች በኦንላይን ጌም ውስጥ ተሰባስበው አንድ ከባድ ጠላት ለመጣል የሚዘምቱበት ጨዋታ ሬይድ ይባላል። ጠላቱ ቦስ ነው። ቦሱ ሲወድቅ ሰይፍ፣ ጋሻ ወይም ቀለበት ጥሎ ይሞታል። ተጫዋቾቹ ሎት ይሉታል፤ እኔ ምርኮ ብለው ደስ ይለኛል።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ ሞልተን ኮር የሚባለው ቦታ እስከ 40 ሰው ይገባበት ነበር። አንድ ቦስ የሚጥለው ግን ጥቂት ዕቃ ነው። ያው ቦስ ደግሞ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት አይገኝም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ባዶ እጁን ይተኛል።

ጎንደር ውስጥ ጌም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የፕሌይስቴሽን ኳስና የስልክ ጌም ነው። ላፕቶፕ ይዘው ሬይድ የሚገቡ ልጆችም ግን አሉ። እነሱ ስለ ምርኮ ሲከራከሩ ስሰማ ሁሌ የሚመጣብኝ የፋሲካ ቅርጫ ነው። በሬው ታርዶ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል። ከጉበቱም ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል። ከዚያ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ ይሰጣል። የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። አለቀ። ማንም አይከፋም፤ መደቡ ቀድሞ ተስተካክሏላ!

ሰይፍ ግን አይቆረስም። ሬይድ ውስጥ ቀላሉ ዘዴ ሮል ነው፤ ጌሙ ከ1 እስከ 100 ቁጥር ያወጣል፣ ትልቅ ያገኘ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ዕቃው ለሥራው የሚያስፈልገው ሰው ይቀድማል፤ ሸጦ ወርቅ ሊያደርገው የፈለገ ከኋላ ይሰለፋል። ሮል ግን ያለፈውን አያስታውስም። አንዱ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ሲያገኝ፣ ሌላው ሦስት ወር ሊጠብቅ ይችላል።

ለዚህ መልሱ ከቅርጫ ይልቅ እቁብን ይመስላል። እቁብ ላይ የበላ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ዕጣ ውስጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤቨርክዌስት በተባለው ጌም ውስጥ አፍተርላይፍ የሚባል ቡድን ዲኬፒ የተሰኘ የነጥብ አሠራር ጀመረ። በዘመቻ የተገኘ ሁሉ ነጥብ ያገኛል፤ ዕቃ ሲወስድ ነጥቡ ይቀነሳል። ጉድለቱ ነባሮቹ ነጥብ ማከማቸታቸው ነው። አዲስ ገቢ መቼም አይደርስባቸውም። ኢፒጂፒ የሚባለው ዘዴ የመጣው ይሄን ለማቃናት ነው፤ የልፋት ነጥብ ለወሰድከው ዕቃ ዋጋ ይካፈላል። 1000 ለፍቶ የ500 ዕቃ የወሰደ 2 ይሆናል። 600 ለፍቶ የ200 የወሰደ 3 ይሆናልና እሱ ይቀድማል። ሁለቱም ቁጥሮች በየጊዜው በመቶኛ ስለሚቀነሱ የድሮ ልፋት ለዘላለም አይከበርም። እኔ ብጠየቅ ይሄን ነው የምመርጠው።

እቁብ ያለው፣ ሬይድ የሌለው አንድ ነገር ዋስ ነው። ምርጡን ሰይፍ ይዞ በማግስቱ ሌላ ቡድን የገባን ሰው ማንም አይከሰውም። አንዳንድ ቡድኖች ክፍፍሉን ለጥቂት ኃላፊዎች የሚሰጡት በዚህም ምክንያት ነው፤ ዕቃው ለሚቆይና ለሚጠቅም ሰው እንዲሄድ። ኃላፊዎቹ ለጓደኛ ማድላት ከጀመሩ ግን ቡድኑ ይፈርሳል።

ሰይፉን እንደ ሥጋ የሚያካፍል መንገድም ተገኝቶ ነበር። ጂዲኬፒ ይባላል። ዕቃው በወርቅ ይጫረታል፤ ወርቁ ለሁሉም እኩል ይከፈላል። ልክ እንደ መደብ! ነገር ግን በእውነተኛ ገንዘብ ወርቅ የሚገዛው በዛና እ.ኤ.አ. በ2024 ሲዝን ኦፍ ዲስከቨሪ በተባለው የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክፍል ታገደ።

ባለፈው ክረምት ማራኪ አካባቢ አንድ ቤት ተቀምጬ ልጆቹ ሲጫወቱ አይ ነበር። ቦሱ ወደቀ፣ ጋሻ ጣለ። ሮል ሊደረግ ሲል አዘዞ ያለው ጓደኛቸው ከጌሙ ወጣ። ወዲያው ደወለ፤ «መብራት ጠፋብኝ፣ ዕጣዬን ጣሉልኝ!» ጌሙ ግን ለሌላ ሰው አይጥልም። ጋሻው ለአንዱ ደረሰ። ክርክር ተነሳ። ከመካከላቸው ታላቅ የሆነው፣ «ቅርጫ ላይ የቀረ ሰው ዕጣው አይጣልለትም እንዴ?» አለ። ሁሉም ዝም አሉ። በዚህ ጌም ዕቃውን ያገኘ ሰው አብሮት ለተዋጋ ጓደኛ የሚያስተላልፍበት 2 ሰዓት አለው። ጋሻውን ሳይለብሰው እንዲጠብቅ ተስማሙ።

መብራቱ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ መጣ። ለሁለቱ ዕጣው እንደገና ተጣለ። የአዘዞው ልጅ 31 ወጣለት፣ የያዘው 78። ጋሻው ባለበት ጸና። «ይመችህ ወንድሜ» አለው የአዘዞው፤ ወደሚቀጥለው ቦስ ሄዱ።