የጥንድ ደረጃ ምንድን ነው?

አንድ የባድሚንተን ተንታኝ ሰሞኑን ስለ አንድ ተጫዋች ሲናገር «ከምርጥ አሥሮቹ መካከል የነበረው ይህ ሰው ዛሬ ከመቶዎቹ በታች ወርዷል፤ አቋሙ ጠፍቷል» አለ። የተጫዋቹ አቋም አልጠፋም። በጥንድ ጨዋታ አብሮት የሚሰለፈውን ተጣማሪውን ነበር የቀየረው። ተንታኙ ይህንን ሳያጣራ የአንድን ሰው የሙያ ሕይወት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀበረው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ስሰማ የመጀመሪያዬ ስላልሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ በነጠላ ጨዋታ ነጥቡ የሰውየው ነው። በጥንድ ጨዋታ ግን ነጥቡ የጥንዱ ነው። ባለፉት 52 ሳምንታት ሁለቱ ተጫዋቾች አብረው ከተሰለፉባቸው ውድድሮች የተሻሉት 10 ውጤቶች ይደመራሉ፤ ድምሩም በሁለቱ ስም በአንድ መስመር ይጻፋል። ስለዚህ «የዓለም አንደኛ የጥንድ ተጫዋች» የሚባል ሰው በሰንጠረዡ ላይ የለም። ያለው የዓለም አንደኛ ጥንድ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ነጥቡን ለሁለት ማካፈል ነው» የሚል ሙግት ይመጣል። አይካፈልም። ጥማድ በሬ ሲያርስ የዋለውን ማሳ «ይህ ትልም የቀኙ፣ ያ የግራው» ብሎ የሚከፍል የለም። ቋንቋችን ራሱ ይህንን ያውቃል፤ ጥማድ የሚለው ቃል የሁለቱ በሬዎች ስም ሆኖ ሳለ በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት መለኪያም ነው። በአንድ በሬ የተለካ መሬት ሰምቼ አላውቅም። አንዱ በሬ ሲቀየርም ጉልበቱ ያው የሆነ ሌላ በሬ ማምጣት ብቻ አይበቃም። ግራ የለመደ በሬ ቀኝ ሲጠመድ ይደናገራል፣ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይጎተታል፣ ትልሙም ይጣመማል።

በሜዳ ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው። ጥንዱ ሲያጠቃ አንዱ ከኋላ ይመታል፣ ሌላው መረቡ አጠገብ የሚመለሰውን ይለቅማል። ሲከላከሉ ደግሞ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከአንዱ አሰላለፍ ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግር በሰከንድ ክፋይ ውስጥ ያልቃል፤ ለመነጋገር ጊዜ የለም። በሁለቱ መካከል የምትወድቀውን ላባ ኳስ ማን ይመልሳት? አንደኛው ግራኝ ከሆነ መልሱ ይለወጣል። ይህ ስምምነት የሚገኘው አብሮ በመጫወት ብዛት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲሄድም ይዞት የሚሄደው ነገር አይደለም። እኔ ያሠለጠንኳቸው ተጫዋቾች ተጣማሪ በቀየሩ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ በላይ የሚሸነፉት በመካከላቸው በወደቀች ኳስ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ለጥንዱ መሰጠቱ የመዝገብ አሠራር ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ፍርድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኢንዶኔዥያውን ሄንድራ ሴቲያዋንን ተመልከቱ። ከማርኪስ ኪዶ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2008 ደግሞ የኦሊምፒክ ባለወርቅ ሆነ። ከዚያ ከሞሐመድ አህሳን ጋር ተጣምሮ በ2013 እና በ2015 የዓለም ሻምፒዮናን ወሰደ። ከሪዮ ኦሊምፒክ በኋላ ሁለቱ ተለያይተው እያንዳንዳቸው ከሌላ ሰው ጋር ተጫወቱ። በኋላ ተመልሰው ሲጣመሩ የቀድሞው ነጥባቸው በ52ቱ ሳምንታት ሕግ ተጠርጎ ነበር። ያንን ጊዜ ሰንጠረዡን ብቻ ያነበበ ሰው «አበቃላቸው» ሊል ይችል ነበር። በ2019 እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ።

የበሬው ምሳሌ የማይሠራበት ቦታም አለ። በሬ በአንድ ጊዜ በሁለት ቀንበር አይጠመድም፤ ተጫዋች ግን ይጠመዳል። ቻይናዊቷ ዣኦ ዩንሌይ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በሴቶች ጥንድ ከቲያን ቺንግ ጋር፣ ወንድና ሴት በሚጣመሩበት በድብልቅ ጥንድ ደግሞ ከዣንግ ናን ጋር ወርቅ አገኘች። ስለዚህ «ዣኦ ደረጃዋ ስንት ነበር?» ለሚል ጥያቄ መልሱ «ከማን ጋር?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው።

ስለ ገንዘቡም ልጨምር፤ ሙያውን የሚያስተዳድረው እሱ ነውና። በፌዴሬሽኑ የዓለም ዙር ውድድሮች የሽልማት አከፋፈል የጥንድ አሸናፊዎች የነጠላ አሸናፊ ከሚወስደው በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ ገንዘብ ለሁለት ይካፈላሉ። ነጥቡ አይከፈልም፣ ገንዘቡ ግን ይከፈላል። ተንታኞች ይህንን አዙረው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ጉዳትም አለ፤ የተጣማሪህ ጉልበት ሲጎዳ አንተ ጤነኛ ሆነህ ሳለ በዚያ ጥንድ ስም ነጥብ መሰብሰብ ታቆማለህ። በኦሊምፒክ ማጣሪያ ወቅት ደግሞ መለያየት እጅግ ውድ ነው። ለፓሪስ 2024 የነበረው ማጣሪያ ከሜይ 2023 እስከ ኤፕሪል 2024 የቆየ ሲሆን፣ በየዘርፉ የነበረው ቦታ ለ16 ጥንዶች ገደማ ብቻ ነበር። አሠልጣኞች በዚያ ዓመት ውስጥ ጥንድ ለማፍረስ የሚፈሩት ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ባይስማሙም እንኳ።

የታይዋኖቹ ሊ ያንግ እና ዋንግ ቺሊን በቶኪዮም በፓሪስም የወንዶች ጥንድ ወርቅ ወሰዱ። ከፓሪስ በኋላ ሊ ያንግ ጫማውን ሰቀለ፤ ዋንግ ከአዲስ ተጣማሪ ጋር መጫወቱን ቀጠለ። በሰንጠረዡ ላይ ስሙ ከታች ጀምሮ እንደገና ሲወጣ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። የወደቀ ሰው አልነበረም፤ ገና መቆጠር የጀመረ ጥንድ ግማሽ ነበር።