መጽሐፉ ደሴን አያውቃትም፦ ስለ ወጥ ቤት፣ ስለ ጓሮና ስለ እጅ ሥራ መጻሕፍት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ቡና ስጠጣም ሆነ ከሰኞ ገበያ ዘምቢል አንጠልጥዬ ስመለስ «ጓሮ ልጀምር ነው፣ ምን መጽሐፍ ልግዛ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አንዱ ኬክ ሊጋግር ነው፣ ሌላው መደርደሪያ ሊሰቅል። አሮጌ መጽሐፍ አዟሪ ካየሁ ሳልገዛ እንደማላልፍ፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣም ከሽቶ ይልቅ መጽሐፍ እንደምለምን ስለሚያውቁ ነው። ርዕስ ብቻ ብነግራቸው ደስ ባላቸው። እኔ ግን መጀመሪያ «የተጻፈው የት ነው?» እላለሁ። ምክንያቱን ደጋግሜ ከምሰማቸው ስሕተቶች ጋር ላስረዳ።

«ሙያ ከእናት እንጂ ከመጽሐፍ አይለመድም»

አክስቴ «መጽሐፍ ያበስላል እንዴ?» ትለኛለች። ስለ ዶሮ ወጥ ከሆነ ልክ ናት፤ ቁሌቱ መብቃቱን አፍንጫ ነው የሚያውቀው። እናት ያላበሰለችውን ግን እናት አታስተምርም። ዝኩኒና አበባ ጎመን ገበያ ላይ ተከምረው እያዩ የሚያልፏቸው ሰዎች መጽሐፍ ያስፈልጋቸዋል።

«አርባ ደቂቃ ካለ አርባ ደቂቃ ነው»

ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ጋ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወደ 94 ከፍ ይላል። ክዳኑ ስለተንቀጠቀጠ፣ እንፋሎቱም ስለተግተለተለ ድስቱ የበለጠ የሞቀ ይመስላል እንጂ ከ92 ዲግሪው አያልፍም። እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተንናል፣ ከሰሉንም ይጨርሳል።

ለዚህ ነው ለቆላ ከተማ በተጻፈ መጽሐፍ የተቀቀለ ቦሎቄ ደሴ ላይ እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሸው። «ቦሎቄው አሮጌ ነው» ብላ ከነጋዴው ጋር የተጣላች ጎረቤት አለችኝ። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማደር፣ ከተቻለም በፕሬዠር ድስት መቀቀል ነው መላው፤ ድስቱ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል።

ኬክ ደግሞ በተቃራኒው ይቸኩላል። አየሩ ሳሳ ስለሚል ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው ጋዝ ቶሎ ይነፋዋል፣ ውስጡ ሳይጠና መሐሉ ይሰምጣል። ደሴ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን ቢያንስ በሩብ ቀንሱ፣ ስኳሩን ትንሽ ያዝ አድርጉት፣ ወተት ወይም ውሃ ጨመር አድርጉ። ስለ ከፍታ አንድ ገጽ እንኳ የሌለው የዳቦና የኬክ መጽሐፍ እኔ አልገዛም።

«ካፕ ማለት ሲኒ ነው»

አይደለም። የአሜሪካው ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የቡና ሲኒያችን ሲሶውን ቢይዝ ነው። አንዲት ዘመዴ ዱቄቱንም ስኳሩንም ወተቱንም በሲኒ ለካች። ሁሉንም በአንድ ዕቃ እስከለኩ ምጣኔው ባልተዛባ ነበር፤ ግን እንቁላል በሲኒ አይለካም። መጽሐፉ ያዘዘውን ሦስት እንቁላል እንዳለ ሰበረችው። የወጣው ጣፋጭ የእንቁላል ፍርፍር ነው፤ ልጆቹ ግን በልተውታል። ምድጃን በተመለከተ፣ «350» የሚል ቁጥር ካያችሁ ፋራናይት ነው፤ በእኛ 177 ዲግሪ ይሆናል።

«መጽሐፉ በሚያዝያ ዝራ ካለ በሚያዝያ እዘራለሁ»

መጽሐፉን የጻፉት የውጭ ሰዎች ሚያዝያ ከበረዶ የሚወጡበት ነው። ደሴ ላይ ውርጭ የሚያሰጋው ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ጥቅምት ላይ ሲያምርባት የነበረች የቲማቲም ችግኝ በአንድ ሌሊት ጠቁራ ታድራለች። ስለዚህ የወሩን ስም ተዉትና ተክሉ ምን ያህል ሙቀትና ውሃ እንደሚፈልግ ፈልጋችሁ አንብቡ። ከዚያ በልጉን፣ ክረምቱንና ውርጩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ይህን የተማርኩት በሽንኩርት ነው። ዘመድ ካመጣልኝ መጽሐፍ ጋር በፓኬት የታሸገ ዘር ነበር፤ ፎቶው ላይ ሽንኩርቱ የሕፃን ራስ ያክላል። ፍግ ሰጠሁት፣ አጠጣሁት፣ አረምኩት። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ጉልበቴ ደረሰ። አራት ወር፣ አምስት ወር፤ አንገቱ ወፍሮ ቀረ እንጂ ራስ አላበጀም። ፍግ አነሰው ብዬ ጨመርኩ። ጥፋቱ የፍግ አልነበረም። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ቆጥሮ ነው። ያ ዝርያ ብርሃኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚደርስበት አገር ልጅ ነው፤ ደሴ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢጠብቅ ቀኑ አይመጣለትም። ቦምቤይ ሬድና አዳማ ሬድ የሚባሉት የሽንኩርት ዝርያዎች እዚሁ የሚያፈሩት በአጭር ቀን ራስ ስለሚቋጥሩ ነው።

«አትክልትህን ወደ ደቡብ በዞረ ግድግዳ ሥር ትከል» የሚለው ምክርም እንዲሁ ነው። እነሱ ዘንድ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምታልፈው በደቡብ በኩል ነው። እኛ ዘንድ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ያ ግድግዳ በነዚህ ወራት በቀትር ጥላ ነው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ የደሴ ሰው የነገራችሁንም አትመኑ፣ እኔን ጨምሮ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምንወርደው። ቲማቲምና ቃሪያ እናንተ ጋ ይሆናል፤ እኛ ጋ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ላይ ግን እንበልጣችኋለን። የአገራችን የግብርና ምርምር ማዕከላት፣ እንደ መልካሳና ስሪንቃ ያሉት፣ የሚያወጧቸው መመሪያዎች ቀጫጭን ናቸው፣ ፎቷቸውም ደብዛዛ ነው። ነገር ግን ዝርያው ከስንት እስከ ስንት ሜትር እንደሚስማማው ይጽፋሉ። ለጓሮ ከእነዚያ ነው የምጀምረው።

«በጠርሙስ አሽጎ መቀቀል ምግብ ያቆያል»

ፎሶሊያና ካሮት ጠርሙስ ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ ያስጎመጃሉ። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ግን ዘሩ በፈላ ውሃ አይሞትም፤ በ92 ዲግሪማ ጭራሽ። አየር በሌለበትና አሲድ ባነሰው ምግብ ውስጥ ይራባል፣ ሽታም ላይኖረው ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥም ያው አደጋ አለው። ለዚህ ሥራ የተሠራና ግፊቱ ለከፍታ የሚስተካከል መሣሪያ ከሌላችሁ ያንን ምዕራፍ ዝለሉት። ቋንጣና ድርቆሽ አሉን።

«አሮጌ መጽሐፍ ጊዜው አልፎበታል»

ስለ ሊጥና ስለ ፍግ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ስለ ተባይ የተጻፈውን ግን ጠርጥሩ። ዲዲቲ የሚባለውን የተባይ መርዝ እንደ ጨው ነስንሱ የሚል መጽሐፍ በእጄ አለ፤ አሜሪካ ራሷ ለእርሻ እንዳይውል ያገደችው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው።

«ሥዕሉን ካየሁ መብራቱን ራሴ እዘረጋለሁ»

በአሜሪካ መጽሐፍ ጥቁሩ ሽቦ ኤሌክትሪክ ያለበት (ፌዝ) ነው፣ ነጩ መመለሻው (ኒውትራል)። በድሮው የእንግሊዝ ደንብ ቀዩ ፌዝ፣ ጥቁሩ ኒውትራል ነበር። በአሁኑ የአውሮፓ ደንብ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል ነው። የድሮ ቤት ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው ያን ቀን በእጁ የነበረውን ቀለም ነው የዘረጋው። በዚያ ላይ የእነሱ ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ስለ ሽቦ ለማወቅ አንብቡ፤ ለመንካት ግን ባለሙያ ይጠራ።

መደርደሪያ ግን ስቀሉ። የሚገርመኝ ነገር አለ፦ የአሜሪካ መጽሐፍ «ግድግዳውን አንኳኩተህ ቋሚ እንጨቱን ፈልግ» ይላል፣ ቤታቸው የእንጨት አጽም ስላለው። ይህ ምክር ለጭቃ ቤታችን ልክክ ይላል! የአክስቴን መደርደሪያ የሰቀልኩት በዚሁ ነው፤ ድምፁ ደፈን ያለበት ቦታ ምስማሩ ቋሚውን አገኘ። ለብሎኬት ቤት አይሠራም። እዚያ ብሎኬቱ ክፍት በሆነበት ፊሸሩ ይሽከረከራል፣ ከነዕቃው ይወርዳል። የብሎኬቶቹን መጋጠሚያ ወይም ኮለኑን ፈልጉ።

«መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር ነው»

እነዚህ ላይ ካልተጻፈ ግማሽ ናቸው። እኔ በእርሳስ ነው የምጽፈው፦ ቦሎቄው ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ውርጩ የትኛው ሌሊት እንደወረደ። አክስቴ ማንበብ ባትወድም በዓይኗ ትከታተላለች። የሽንኩርቱን ፎቶ ሳሳያት «አብሽር፣ ቅጠሉን ወጥ ውስጥ ጨምረነዋል» አለችኝ። እሱንም ገጹ ጠርዝ ላይ ጽፌዋለሁ።