ተወዳዳሪነት ምንድን ነው? ርካሽነትስ ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ብር ስለረከሰ የጎጃም በርበሬ አሁን በዓለም ገበያ ተወዳዳሪ ሆኗል» ሲል ሰማሁ። ይህን ነገር በተለያየ መልክ ስሰማው ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን በዛ። ርካሽ መሆንና ተወዳዳሪ መሆን አንድ አይደሉም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ላኪው ለአንድ ዶላር ብዙ ብር አገኘ፤ ጥቅሙን አልክድም። ግን ማዳበሪያውም ነዳጁም በዶላር ነው የሚገባው። ያገኘኸው ጥቅም በሌላ በር ይወጣል።

ጎጃም ውስጥ ገበሬ በአንድ በሬ አያርስም። አንድ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ተወዳዳሪነትም እንዲሁ ነው፤ ዋጋ አንዱ በሬ ነው። ጥራትና ቀጠሮ ማክበር ሌላው። አንዱን ብቻ ብታደልበው ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ትልሙ ይጣመማል። የቀኑን እርሻ ልክ የሚወስነውም ደካማው በሬ ነው። በምንዛሪ ተመን የቀለብነው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው እንደከሳ ቆሟል።

እንዴት እንደከሳ በርበሬው ላይ ይታያል። በደንብ የደረቀ በርበሬ ስትወዘውዘው ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል። ቡሬ አካባቢ ገበያ ውስጥ ስዞር ግን ብዙ ጊዜ የማነሳው ዝም ይላል። ውሃ ተረጭቶበታል። አንድም እንዳይሰባበር፣ አንድም ሚዛን እንዲያነሳ። ከዚያ ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ይከርማል፣ ይሻግታል።

የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን፣ ማለትም አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ፣ በድምሩ ቢበዛ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው። በኩንታል 1 ሚሊግራም ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ዋጋህን በግማሽ ብትቀንስም አይገባም። «ዋጋ ከቀነስን ገዢ ይመጣል» ለሚለው ወንድሜ መልሴ ይኸው ነው።

እግረ መንገዴን ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። የሻገተ ሁሉ አፍላቶክሲን አለበት ማለት አይደለም። ዓይን ላይ ንጹሕ የሆነውም ነፃ ነው ማለት አይደለም። መርዙ በጭነቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ አንድ ጥግ ይከማቻል። ስለዚህ ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ ዘግነህ አስመርምረህ «መኪናው ሙሉ ንጹሕ ነው» አትበል። መቁላትም መርዙን አያጠፋውም። ይህ ደግሞ ስለ አውሮፓ ብቻ አይደለም፤ ያንኑ በርበሬ እኛም ቤት እንበላዋለን።

ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ጥሩ ነው። ግን ማሽን እርጥብ ገብቶ የሻገተን በርበሬ መልሶ ንጹሕ አያደርገውም። ሥራው ከማሳው ነው የሚጀምረው፤ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ከማስጣት።

ይህንኑ አንድ ገበያ ላይ በርበሬ ለሚሸጡ እናት ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ላድርቀውስ። ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል። የጎደለውን ማን ይከፍለኛል?»

ከሚዛኑ ኋላ የቆመውን ነጋዴ ጠየቅኩት። ለደረቀውም ለረጠበውም የኪሎው ዋጋ አንድ ነበር።